የአባባ በረት የሰርግ አዳራሽ ከሆነ ወዲህ

እትዬ ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ ደህና ናቸው? ያ የጉልበትሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? እኔ ከወገቤና ከእንቅልፍ እጦት በቀር ደህና ነኝ። አባባም ይበላሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ፤ ልባቸው ግን ከእኛ ጋር የሚውልበት ቀን እያነሰ ነው።

በረቱን ለሰርግ ማከራየት ከጀመርን ይኸው ሦስት ዓመት ሞላን። አሁን ብታዪው አታውቂውም። ላሞቹ ይታሰሩበት በነበረው ግንድ ላይ አበባ ይጠመጠማል፣ ከጣሪያው አምፖል ይንጠለጠላል፣ እንግዳው ድርቆሽ ላይ ተቀምጦ ወጋኝ እያለ እኔን ይቆጣል። የከተማ ሰው ገጠር ይወዳል፤ ዝንብ የሌለበት፣ ሽታ የሌለው ገጠር። አርብ ስጠርግ፣ ቅዳሜ ስላላክ፣ እሁድ የሰው ደስታ የጣለውን ከወለል ስለቅም ሳምንቱ ያልቃል። ሰኞ ልረፍ ብል ደግሞ የአባባ ነገር አለ።

ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ልንገርሽ። ከቀትር በኋላ ሙሽሮቹ ቃል ሊገባቡ ፊት ለፊት ቆመው፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት፣ አባባ ባልዲ አንጠልጥለው በዚያ ጭቃ በጠገበ ቦት ጫማቸው መሐል ለመሐል ገቡ። የጓሮውን በር መዝጋት የእኔ ሥራ ነበር፤ ደክሞኝ ረሳሁት። የሙሽራው እናት «እኚህን ሰውዬ ማን አስገባቸው?» አለች። አባባ ዞር ብለውም አላዩዋት። ቀጥ ብለው ሙሽራይቱ ዘንድ ሄዱና «ላሞቹን ማን ፈታቸው? የማለቢያ ሰዓት አለፈ እኮ» አሏት።

ላስወጣቸው አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ልጅቷ ግን አበባዋን ለሚዜዋ ሰጥታ ባልዲውን በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። «ታልበዋል አባባ፤ እኔ አልቤያቸዋለሁ» አለቻቸው።

አባባ አለቀሱ፣ እትዬ። በእኔ ስም ጠሯት። «እንዳትቀየሚኝ ልጄ» አሏት። «ያን አናጢ የመለስኩት ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አንቺን ሊጠይቅ ሦስቴ መጣ፣ ሦስቴም መለስኩት። እናትሽ የለችም፣ እህትሽ ተድራ ሄዳለች፤ አንቺም ከሄድሽ ማን ያልብልኛል ብዬ ነው።» ከዚያ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መረቋት። እንግዳው አስቀድሞ የተዘጋጀ ነገር መስሎት አጨበጨበ። እኔ የብርጭቆ ትሪ ይዤ ከኋላ ቆሜ ነበር።

ሦስቴ መጣ አሉ።

ያኔ እሱን ስጠብቅ ልትጠይቂን መጥተሽ፣ ልብስ ሳሰጣ አጠገቤ ቆመሽ፣ «ሰውዬው ሌላ አግብቷል አሉ፤ ይቅርብሽ» ያልሽኝ አንቺ ነበርሽ። እጄን ይዘሽ አብረሽኝ አልቅሰሻል። ያን ልቅሶሽን እስከ ዛሬ ሳመሰግንሽ ኖሬአለሁ።

ምንም እያልኩሽ አይደለም። የያዝኩት አንድ ሰርግ ይቀረኛል፤ ከእሱ በኋላ በረቱን እዘጋለሁ። አባባን መጥተሽ ውሰጂያቸው። ልብሳቸውን አጥቤ ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ። ሾርባ ከቀዘቀዘ አይነኩም። ግራ ጆሯቸው ስለማይሰማ በቀኝ በኩል ሆነሽ አናግሪያቸው። ጥፍራቸውን ስትቆርጪ ይነጫነጫሉ፣ ታገሺያቸው።

ስትመጪ ስለዚያ ጊዜ ምንም እንዳታስረጂኝ። መስሚያ ጉልበት የለኝም፤ መተኛት ነው የምፈልገው።

ቤትሽ ይሙቅ፣ ጤናሽ ይመለስ። ሴት ልጅሽም የወደደችውን ታግባ።

ታናሽ እህትሽ