ባልታጠበ ቧንቧ ላይ ስለተተከለው አዲስ ቦይለር

የካቲት 10 ቀን 1996 ዓ.ም.
ታከር፣ ጆርጂያ

ለክቡር አቶ ሰብሐት አየለ
የቅን ልቦና መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ባሉበት፣ ማለትም ሙቀት ባለበት

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወይዘሮ ውቢት፣ ልጆችዎ፣ የቤትዎ ማሞቂያም ጭምር እንደምን ከረሙ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ካፖርቴን አላወለቅኩም እንጂ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። በእኛ ቤት ደብዳቤ የባለቤቴ የኤልፍነሽ ሥራ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከፈረቃ ስወጣ እያንቀላፋሁ ነው። ስለዚህ ፊደል ብገድፍ ከሐዘኔ ይቁጠሩልኝ፤ እስከ ዛሬ የተናገርኩትን ሁሉ ከሐዘኔ ሲቆጥሩልኝ ኖረዋልና አይቸግርዎትም።

ባለፈው ሳምንት በፊርማዎና በማኅተምዎ የላኩልኝ ወረቀት ደርሶኛል። አዲሱ ቦይለር የቆመው አቶ ተገኝ ስለነካካው ነው ይላል። ቀጥሎም ሰውየው ብቻውን መኖር ስለማይችል ቤቱ ተሽጦ ሮዝዌል ከተማ ልጁ ዮሐንስ ቤት እንዲገባ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል ይላል። ስለ ቤቴ በሙሉ ድምፅ መወሰኑ አኩርቶኛል። የእኔ ድምፅ ሳይገባበት መሙላቱ ደግሞ ይበልጥ ገረመኝ። ቤቴን ከመልቀቄ በፊት ያለብኝን የምስጋና ዕዳ ልክፈል ብዬ ነው እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ቡፎርድ ሃይዌይ ባለው የሐበሻ ሥጋ ቤት ግድግዳ ላይ ሰው ሁሉ እንዲያነበው የለጠፍኩት።

1ኛ/ ስለ ቸርነታችሁ። ኅዳር ላይ ኤልፍነሽ ስታርፍ እድሩ ከድንኳን እስከ ወንበር ያጎደለው ነገር የለም። ይህን የካደ ይካድ። በለቅሶው በሁለተኛው ቀን አሮጌው ቦይለር ተሰነጠቀና ቤቱ ቀዘቀዘ፤ ለቀስተኛውም ጃኬቱን እንደለበሰ ቁጭ አለ። እርስዎ «ለቅሶ ቤት እንዴት ይቀዘቅዛል?» ብለው በማግስቱ ጠዋት አዲስ ቦይለር በመኪና አስመጡ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰው ሲሞትበት አበባ ይላክለታል፤ ለእኔ ቦይለር መጣልኝ።

2ኛ/ ስለ ባለሙያ አመራረጣችሁ። ወንጂ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ቦይለር ላይ ነው፤ ሰው ሆዱ ውስጥ ገብቶ የሚፍቀው ያ ትልቁ ላይ። ይህን የእድሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በየሠርጉ እያወራሁ አሰልችቻችኋለሁና። ሆኖም ሥራውን እንዲመራ የተመረጠው የእኅትዎ ልጅ ኤልያብ ነው፣ ኢንጂነር ስለሆነ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ኢንጂነርነቱ የኮምፒውተር መሆኑን ደጋግሞ ነግሯችኋል። «ኢንጂነር ኢንጂነር ነው» ያለው ኮሚቴው ነው። እኔም ከዚህ ትምህርት ወስጄ ጥርሴን ያመመኝ ዕለት የታሪክ መምህሩን ዶክተር ታደገን እጠራለሁ።

3ኛ/ ስለ መቀመጤ። ይህን ረዘም ላድርገው።

ለቅሶ የተቀመጥኩበት ፍራሽ ሳሎን ወለል ላይ ነበር፤ ቤዝመንቱ ደግሞ ልክ ከሥሬ ነው። ቦይለር በጆሮዬ አውቃለሁ። አሮጌው ተፈትቶ ሲወጣ ሰማሁ። አዲሱ በደረጃው ሲወርድ ሰማሁ። ያልሰማሁት ውሃ ሲወርድ ነው።

ለማያውቅ ልንገር። በራዲያተር፣ ማለትም ሙቅ ውሃ በሚዞርበት ብረት፣ በሚሞቅ አሮጌ ቤት ያንኑ ውሃ ነው ቦይለሩ ዓመት ከዓመት የሚያዞረው። ውሃው ብረቱን እየበላ ይጠቁራል፣ ዝገቱም እንደ ጭቃ ይረጋል። አሮጌው ቦይለር ሰፊ ሆድ ስላለው ይችለዋል፤ የአዲሱ አንጀት ግን እንደ ጭድ ቀጭን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው ይደፋል፣ ቧንቧው እስኪጠራ ይታጠባል፣ ውሃው በሚመለስበት ቧንቧ ላይ ዝገት የሚይዝ ማጣሪያ ይገባል፣ የዝገት መከላከያ መድኃኒት ይጨመራል። ቦይለሩ የሚገጠመው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህ ካልተደረገ ዋራንቲ እንደሌለው አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ከሁለት ወር በኋላ ያነበበልኝ ራሱ ኤልያብ ነው።

ብድግ አልኩ። «ይቀመጡ እንጂ ጋሽ ተገኝ! ሐዘንተኛ አይነሣም» ተብሎ ትከሻዬ ተያዘ። ቧንቧው ይታጠብ፣ ሳይታጠብ እንዳትገጥሙ ብዬ ጮኽኩ። ገንዘብ ያዣችን ወይዘሮ ተናኘወርቅ «ውይ፣ ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጣ!» ብለው ውሃ አጠጡኝ። እርስዎም መጥተው «አይዞዎት ጋሼ፣ ሁሉም ይታጠባል» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። እስከዚያች ሰዓት አላለቀስኩም ነበርና «እሰይ፣ ወጣለት» ተባለ። ጩኸቴ ለለቅሶ ተቆጠረልኝ። ከሥሬ ቦይለሩ ተገጠመ።

ደንብ ደንብ ነው፣ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ገፍቼ መነሣት እችል ነበር። አልተነሣሁም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ማኅተም ስለሌለኝ ጣቴን አትሜበታለሁ።

4ኛ/ ስለ መነካካቴ። በጥር መንገዱ ሁሉ በረዶ ሆኖ በተዘጋበት ሳምንት ቦይለሩ እንደ ንፍሮ መንተክተክ ጀመረና ቆመ። ጨርሶ ሳይበላሽ ብዬ አጠፋሁትና ከፈትኩት። ጥቁር ጭቃ ነው ያገኘሁት። ነካካው ያላችሁት ይህንን ነው። ከዚያ በኋላ የቤቱን ውሃ በሙሉ በባልዲ እያወጣሁ ደፋሁ፤ ዘጠኝ ቀን ቧንቧ አጠብኩ።

ልጄ ዮሐንስ ያየውና ለኮሚቴው የነገረው የቤዝመንት ጣሪያ እርጥበትም እውነት ነው። እሱንም ልናዘዝ። በየዓመቱ ብርድ ሳይገባ ኤልፍነሽ ከላይ ሳሎን ሆና በትንሿ ቁልፍ የራዲያተሩን አየር ታስወጣለች፣ እኔ ታች ውሃ እለቃለሁ። ሲበቃ በቁልፉ ቧንቧውን ሁለት ጊዜ ትመታለች፣ እኔ እዘጋለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ሠራን፤ አንድም ቀን መጠራራት አላስፈለገንም። አሁን የላዩን በቁልፉ ከፈትኩ፣ ታች ወርጄ ውሃውን ለቀቅኩና ቆምኩ። ቆሜ ቀረሁ። ምን እየጠበቅኩ እንደነበር የገባኝ ውሃው በጣሪያው ሲንጠባጠብ ነው። በሙሉ ድምፅ የተወሰነብኝ በዚህች እርጥበት ምክንያት ከሆነ፣ ክቡር ሊቀመንበር፣ የሆነው ይኸው ነው።

ማጣሪያውን አስገብቻለሁ፣ መድኃኒቱንም ጨምሬያለሁ። ቦይለሩ ከማክሰኞ ጀምሮ ይሠራል። ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው ቤቱ ሞቀ ይላል። እኔ እንኳ አልታወቀኝም።

5ኛው ስለ ኤልፍነሽ ነበር፤ ትቼዋለሁ።

በመጨረሻ የምለምነው ውሳኔው እንዲሻርልኝ ነው። ሮዝዌል አልሄድም። የዮሐንስ ቤት ሙቀቱ በኮርኒስ ቀዳዳ የሚነፋ ነፋስ ነው፤ የሚታጠብ ቧንቧ የለውም፣ እኔም እዚያ የምሠራው የለኝም። ኮሚቴው የግድ አንድ ነገር በሙሉ ድምፅ መወሰን ካማረው፣ ሐዘንተኛ ፍራሽ ላይ ከመቀመጡ በፊት የሚያውቀው ሙያ ካለ ይጠየቅ የሚል አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይጨምር።

ቤትዎ አይቀዝቅዝ፣ ቧንቧዎ አይደፈን፣ የሚነግርዎት ሰው ሲጮህም ለቅሶ አይምሰልዎ እያልኩ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ዘጠኝ ቀን ባልዲ ስሸከም ስለከረምኩ ዝቅ ማለቱ አይቸግረኝም።

ተገኝ ወልደየስ
የእድሩ አባል፣ የቀድሞ የወንጂ ቦይለር ሠራተኛ፣ ቤቱን የማይሸጥ

ግልባጭ፦ ለልጄ ለዮሐንስ። የራዲያተሩ ትንሿ ቁልፍ እንደ ድሮው ግድግዳው ላይ ባለው ምስማር ተሰቅላለች።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት እድሩ ቢሮ በር ላይ ያገኙት ባልዲ ከእኔ ነው። ውስጡ ያለው ጥቁር ውሃ ከሰጣችሁኝ ቦይለር ሆድ የወጣ ስለሆነ የእናንተ ነው፤ በሙሉ ድምፅ ድፉት። ባልዲው ግን የኤልፍነሽ ነው፣ ይመለስልኝ። ሳይታጠብ እንዳይመጣ።