ስለ ፍሪዘሩ ያልነገርኩህ

ውድ ራዲቮዬ፣

ደህንነቴን በስልክ ስለምትሰማው እዚህ አልደግመውም። ይህን የምጽፍልህ በስልክ ስለዋሸሁህ ነው። ባለፈው ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ደውለህ «የእማዬ ምግብ አለ አይደል?» ስትለኝ «አለ» አልኩህ። አልነበረም። ያኔ ከወይኑ ዳስ ሥር ባዶ ሳህኖች እየሰበሰብኩ ነበር።

በጥር ለእናትህ ቀብር ሳትደርስ ቀርተህ በሦስተኛው ቀን የመጣህ ዕለት ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ ዕቃ ቤት ገብተህ ፍሪዘሩን ከፈትክ። መሳቢያዎቹ ሙሉ ነበሩ። ሥጋና ሩዝ በጎመን የተጠቀለለበት ሳርማ፣ ተጠብሶ የተላጠው ቀይ ቃሪያ፣ በድንች ሊጥ የተድቦለቦለው ፕሪም። በያንዳንዱ ላስቲክ ላይ እናትህ በዚያ በተንጋደደ ጽሕፈታቸው «ራዲቮዬ» ብለው ጽፈዋል። «ማንም እንዳይነካብኝ» አልከኝ፤ «ለፋሲካ መጥቼ ራሴ እበላዋለሁ።» ከዚያ በሩን ዘግተህ ግንባርህን አስደገፍክበት። እኔ ከኋላህ ቆሜ ነበር። ትከሻህን ልይዝህ እጄን ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብኩት። ለምን እንደ ሰበሰብኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለፋሲካ አልመጣህም። ሊንዝ የምትሠሩት ሕንፃ አላለቀም አልክ። በሰኔም አለቃህ ፈቃድ ከለከለ። እኔም ቃልህን ጠብቄ አልነካሁም። እናትህ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ፍሪዘሩን ከሶኬት ነቅለው በረዶውን ያስለቅቁት እንደ ነበር አውቃለሁ፤ አሥር ዓመት ሙሉ ባልዲ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ግን ያን ለማድረግ ስምህ ያለበትን ሁሉ ማውጣት ነበረብኝ። አልቻልኩም። መሳቢያው አልዘጋ ሲለኝ በጉልበቴ ገፋ አድርጌ እወጣ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ዕቃ ቤት ስገባ ካልሲዬ ራሰ። ወለሉ ውሃ ነበር። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሶኬቱን ነው። የራስጌውን መብራት አምጥቼ ሰካሁበት፤ በራ። የቅዝቃዜ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው አዞርኩት፤ ለውጥ የለም። ጆሮዬን ከጀርባው አስጠጋሁ። ሞተሩ «እምምም» ይልና ጥቂት ሰከንድ ሳይቆይ «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። ደቂቃዎች ያልፉና እንደገና እምምም፣ ቀጭ።

ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ። «ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ» የሚል መልእክት ላክህልኝ። ጋሽ ቲሆሚር ቤት ሮጥኩ።

የዚህን ሰፈር ፍሪዘር ሁሉ ሲጠግኑ የኖሩት ሰውዬ አሁን ሰባ ስምንት ሞልቷቸዋል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ካቻቢቴ አይዙም።

«እጄ ከእኔ ጋር ተጣልቷል፣ ልጄ» አሉኝ። «ጆሮዬ ግን ገና አልከዳኝም። ወንበር አምጪልኝ። እኔ እሰማለሁ፣ አንቺ ትፈቺያለሽ።»

ከፍሪዘሩ አጠገብ ተቀምጠው ሁለት ጊዜ ቀጭ እስኪል ጠበቁ።

«በረዶው መቼ ነው የተነሳለት?»

የራሰ ካልሲዬን ማውለቅ ጀመርኩ።

«ስታና፣ እየጠየቅሁሽ ነው።»

«እማማ ካረፉ ወዲህ አልተነካም። ራዲቮዬ እንዳይነካ ብሎኛል።»

«ምግቡን ነው እንጂ ፍሪዘሩን መች አለሽ?»

ከጋዜጣ ላይ ቀደው ሰጡኝና በሩ መሃል አድርጌ እንድዘጋው ነገሩኝ። ከላይ ስስበው ያዘ። ከታች ጥጉ ላይ ስስበው ግን ከቅቤ ውስጥ እንደሚወጣ ፀጉር ሸርተት ብሎ መጣ። በረዶው መሳቢያውን ገፍቶ፣ መሳቢያውም በሩን ገፍቶ፣ የበሩ ጎማ ሳይገጥም ከርሟል። በዚያች ቀዳዳ የበጋው ሙቀት ሌት ተቀን ሲገባ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ሲሮጥ ኖሯል። ከጀርባ ያለው ጥቁር የሽቦ መረብ ደግሞ በአቧራና በድመቷ ፀጉር ተሸፍኖ ሙቀቱን ማስወጣት ተስኖታል።

«በአደራ ብዛት ገደልሽው» አሉኝ ጋሽ ቲሆሚር። ተቆጥተው አልነበረም፤ እኔ ግን ፊቴን አዞርኩ።

ከሶኬቱ ነቅዬ እሳቸው ባሉኝ ቦታ የሞተሩን ክዳን ፈታሁ። ከጎኑ የክብሪት ሳጥን የምታህል ነገር ተሰክታለች። ሪሌ ይሏታል፤ ሞተሩን ገፋ አድርጋ የምታስነሳው እሷ ናት። ነቅዬ ጆሮዬ ሥር ነቀነቅኋት። ውስጧ ኮሽ ኮሽ አለ።

«ተመስገን በይ» አሉኝ። «የተቃጠለችው እሷ ናት፤ ሞተሩ ምናልባት ደህና ነው። ቻቻክ ከተማ ይሸጣሉ፤ ሐሙስ በአውቶቡስ ትመጣልሻለች።»

«እስከ ሐሙስ ምግቡስ?»

መሳቢያዎቹን እንድስብ አዘዙኝ። የታችኞቹ ሁለቱ ደህና ነበሩ፤ ዶሮና አተር፣ እኔ ያስቀመጥኩት። በእናትህ አራት መሳቢያዎች ውስጥ ያሉት ላስቲኮች ግን በእጄ ስይዛቸው እንደ ሊጥ ሰረጎዱ። ጎረቤታችን ዴሳንካ ድምፅ ሰምታ በአጥሩ በኩል መጥታ ነበር። «እኔ ጋ አንድ መሳቢያ ባዶ ነው» አለችኝ፤ «የጠነከረውን አምጪ። የላላውን ግን አልቀበልሽም።»

«እንደገና ቢቀዘቅዝ ምን ይሆናል?» አልኩ። «በትንሹ ነው የቀለጠው። አሁኑኑ ቢገባ...»

«ስታና» አሉ ጋሽ ቲሆሚር፣ «ለባልሽ ልታስቀምጪለት ነው ወይስ ልትገድይው? የቀለጠ ሥጋ ተመልሶ አይቀመጥም። ወይ ዛሬ ይበላል፣ ወይ ይጣላል።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው ቀሚሴን አራሰው። ስምህ የተጻፈበትን አንዱን ላስቲክ ጭኔ ላይ አድርጌ ምን ያህል እንደ ተቀመጥኩ አላውቅም። ዴሳንካ፣ አፏ መራራ መሆኑን ታውቃለህ፣ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ «አማትሽ ክሩኒያ ምግቧ ሲጣል ብታይ ከመቃብር ተነስታ ነበር የምትመታሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ደግሞም የስድስት ወር ተዝካራቸው ሊደርስ አራት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ተነስቼ ትልቁን ድስት ጣድኩ።

ከሰዓት በኋላ ከወይኑ ዳስ ሥር አሥራ አንድ ሰው ተቀመጠ። ስንዴ ቀቀልን፣ ሻማ አበራን። ጋሽ ቲሆሚር ከፕሪም አረቄያቸው መሬት ላይ ጠብ አድርገው «ክሩኒያ፣ ዕድሜ ልክሽን በቀጠሮሽ ነበርሽ፤ ዛሬ አራት ቀን ቀደምሽ» አሉ። ሰው ሳቀ። ሳርማውን በሉ፣ ቃሪያውን በነጭ ሽንኩርት በሉ። ፕሪሙን በተጠበሰ የዳቦ ፍርፋሪ አንከባልዬ ሳቀርብ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነበር። በፕሪሙ ፍሬ ቦታ እናትህ ስኳርና ቀረፋ ከተውበታል። ለአንተ አንድ ሳህን አውጥቼ ከአጠገቤ አስቀመጥኩ። ሰዎቹ እያዩ እንዳላዩ ሆኑ። በመጨረሻ ዴሳንካ «በቃ ቀዘቀዘ፤ ወይ ብይው ወይ ልብላው» አለችኝ። ሰጠኋት። ሳህኑ ከእጄ ሲወጣ የተሰማኝ ሐዘን በቀብራቸው ቀን እንኳ አልተሰማኝም።

ያኔ ነው የደወልከው። ድምፅህ ደክሞ ነበር። «አለ» ያልኩህ ለዚህ ነው። ለስድስት ወር በሰው አገር ሊንዝ ላይ ሆነህ የምታስበው ምግብ መኖሩን ብቻ እንደሆነ ገብቶኝ ነበርና፣ ያንን ልነጥቅህ አልደፈርኩም።

ረቡዕ በረዶውን አስለቀቅሁ። ቢላ ስይዝ ጋሽ ቲሆሚር «አስቀምጪው» አሉኝ፤ «አንዲት ቧንቧ ብትበሺ ጋዙ ያመልጣል፤ ያኔ ቄስ እንጂ ጠጋኝ አትጥሪለትም።» የፈላ ውሃ በድስት አስገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ ቀይሬ እንደገና። በረዶው እየተገመሰ ወደቀ። ከታችኛው መሳቢያ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ የተጣበቀ አንድ ክምር ሲላቀቅ ውስጡ ላስቲክ ታየኝ። በረዶው ስለ ሸፈነው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ያንተ ስም አልነበረበትም። «ለስታና። ለመንገድ» ይላል።

ፍሬው የወጣለት ጎምዛዛ ቼሪ ነው። እኔ ከዛፉ ሥር ቆሜ ስበላ «ይቺ ሙሽራ ወፍ ናት እንዴ?» እያሉ እናትህ ይሰድቡኝ የነበረበት ያው ቼሪ።

ከሁለት ዓመት በፊት «ነይና አብረን እንሁን» ብለህ ስትደውል ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለ ነበር እናትህ ከምድጃው አጠገብ ሆነው ሰምተዋል። «እናትህን ለማን ጥዬ?» አልኩህ። እሳቸው ሾርባውን ማማሰላቸውን ቀጠሉ። ከቀብራቸው በኋላ እንደገና እንድትጠይቀኝ ጠበቅሁ። አንተ አልጠየቅህም። አሁን ሳስበው አንተም «ልምጣ» ብዬ እንድነግርህ ስትጠብቅ ኖረህ ይሆናል። እሳቸው ግን ማንንም ሳይጠብቁ ለመንገዴ ሰንቀውልኛል።

ሐሙስ ሪሌዋ መጣች። በራሴ እጅ ሰካኋት። ጀርባውን በብሩሽ ጠረግሁ፤ የተጣመመውን ጎማ በሙቅ ጨርቅ አለስልሼ ወደ ቦታው መለስኩት፤ ወረቀቱ አሁን ከየትም አይወጣም። ሶኬቱን ስሰካ ሞተሩ እምም አለ፣ ቀጠለ፣ ቀጠለ። ጋሽ ቲሆሚር ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙትና «ተነስቷል» አሉ። ወሬው ወጥቶ ትናንት ሁለት ቤት ጠርተውኝ የነሱን አየሁላቸው። አንደኛው በር ላይ ካልሲ ተቆልፎበት ነበር እንጂ ምንም አልሆነም።

ግን ታውቃለህ፣ ደህና የሚሠራ ባዶ ፍሪዘር ፊት ቆሜ ምን እንደማስቀምጥበት ጠፋኝ። ለፋሲካ? ለገና? አምስት ዓመት ሙሉ ለምትመጣበት ቀን ሳስቀምጥልህ ኖሬያለሁ፤ ፀጉሬን እንኳ አንተ እስክትመጣ እያልኩ ነው የማሳድገው። ናፍቆኛል የሚለውን ቃል በስልክ ብዙ ስላልኩት አልቋል። ድምፅህ ብቻ አይበቃኝም። ከሥራ ስትገባ ያለብህን የሲሚንቶ ሽታ እፈልጋለሁ፤ አንተ ስታኮርፍ እኔም ማኩረፍ እፈልጋለሁ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነን።

ፍሪዘሩን ነቅዬ አድርቄዋለሁ። እንዳይሻግት በሩ መሃል የእንጨት ቁራጭ አድርጌ ከፍቼ ትቼዋለሁ። የቤቱን ቁልፍ ዴሳንካ ትይዛለች፤ ዶሮዎቹንም። ይህን ደብዳቤ ሰኞ ለሚነሳው አውቶቡስ ሾፌር እሰጠዋለሁ። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እሳፈራለሁ፤ እሁድ ጠዋት ሊንዝ እደርሳለሁ። «ክፍሌ ጠባብ ነው» ልትለኝ ነው። አውቃለሁ። «ትንሽ ታገሺ» ልትለኝም ነው። እሱን ግን አልሰማህም።

ስለ እናትህ ምግብ ይቅር በለኝ። እንዴት እንደሚጣፍጥ ቁጭ ብዬ እነግርሃለሁ፤ ከፈለግህ ደጋግሜ። ቼሪው ዴሳንካ ፍሪዘር ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ በጋዜጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አደርገዋለሁ። በመንገድ ላይ ይቀልጣል። ስለዚህ እሁድ ጠዋት ጣቢያው ድረስ ና፣ ማንኪያም ይዘህ ና፤ እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠን እንጨርሰዋለን።

ያንተው
ስታና