የወንድሜን ሣጥን ሰኞ ስለማስረከብ

ለተከበሩ የመንግሥት ተሽከርካሪዎች ስምሪት ኃላፊ
አዳማ

ክቡርነትዎ፣ ሰላምታዬ ከነመላ ቤተሰብዎ ይድረስዎ፤ ጤናዎ ይብዛ፣ መንገድዎ ሁሉ የቀና ይሁን። እኛም ደህና ነን፤ እናቴ ብቻ ባጃጅ ደጃፋችን በቆመ ቁጥር እስከ ዛሬ ተነሥታ በር ትከፍታለች።

እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፣ ባለፈው ጥቅምት በሶደሬ መንገድ ባጃጁ ተገልብጦ የሞተው የኑዕማን ታናሽ ወንድም ነኝ። ኑዕማን በትርፍ ጊዜው፣ መኪና የት እንደሄደ እንዳይታወቅ የጂፒኤስ ምልክት የሚያፍኑ፣ በአቅራቢያ ያለን ስልክም ቦታ የሚያሳስቱ መሣሪያዎችን እያደነ ይፈልግ ነበር። በእጁ የሠራት ትንሽ ሣጥን ምልክቱ ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ በአቅራቢያዋ አፋኝ ሲኖር ቀይ ታበራለች፤ ሰዓቱንም ትመዘግባለች። ፈቃድ የላትምና እስከ ሰኞ አስረክብ ብለው በደብዳቤ ስላዘዙኝ፣ አስቀድሜ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1. በዚያው ደብዳቤ ሐዘናችንን ስለተካፈሉ አመሰግናለሁ። ማኅተሙ የወንድሜን ስም ሸፍኖታል፤ ግን በጣም ጥሩ ማኅተም ነው።

2. አምቡላንሱ የዘገየው ጠሪዋ የተሳሳተ ቦታ ስለላኩ ነው ብለው ጥፋተኛውን ስላገኙልን አመሰግናለሁ። ሽንኩርት ሻጯ ወይዘሮ ዱሬቲ እንደ አገራችን ሰው "ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ግራሩ ጋ" ብለው ለአምቡላንስ ጠሪ ተቀባዮቹ ነግረዋቸው ነበር። የለም፣ ቦታውን በስልክ ይላኩ ተባሉ፤ ላኩ። ስልኩ አራት ኪሎ ሜትር ርቆ ጠቆመ፤ አምቡላንሱም ስልኩን አመነ።

3. ሣጥኗ በባጃጁ ውስጥ ነበረች። በዚያ ዓርብ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ እስከ ዘጠኝ ተኩል ቀይ እንደነበረች መዝግባለች። አፋኝ የያዘ መኪና አልፎ ሲሄድ ቀይ የምትሆነው ለግማሽ ደቂቃ ነው። አሥራ ስምንት ደቂቃ ከሆነ ግን አልፎ የሄደ መኪና አይደለም፤ የቆመ መኪና ነው። ወይዘሮ ዱሬቲም ከግራሩ ሥር መስኮቱ የተዘጋ ነጭ መኪና አይተዋል። የወንድሜን ራስ ይዘው ስለነበር ታርጋውን አላነበቡም፤ ይቅርታ ያድርጉላቸው።

4. ሣጥኗን መስኮታችን ላይ ካስቀመጥኳት ወዲህ፣ ዓርብ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የእርስዎ ነጭ መኪና ወደ ሶደሬ ሲያልፍ ቀይ ታበራለች። መኪናው መቆጣጠሪያ ጂፒኤስ የተገጠመለት ሆኖ ሳለ፣ በመዝገቡ ላይ ግን ዓርብ ከሰዓት ከግቢዎ ንቅንቅ እንደማይል ሰምቻለሁ። ለሥራ ያለዎትን ትጋት አደንቃለሁ።

ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ትምህርት ቤት ተቀምጬም አይለቀኝምና ነው። የመኪናዎ መስኮት ሲዘጋ የውጭ ሰው ድምፅ ወደ ውስጥ ይሰማል?

ትእዛዝዎን ለመፈጸም ሰኞን በጉጉት የሚጠብቅ፣ አክባሪዎ
ጃዕፈር ሱሩር

ማስታወሻ፦ ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሣጥኗን እንደበራች ይዣት እመጣለሁ፤ ወይዘሮ ዱሬቲና የሰፈራችን ሽማግሌዎችም አብረውኝ ይመጣሉ። የመኪናዎ ሞተር ተነሥቶ አጠገቡ አረንጓዴ ከሆነች፣ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠይቄ አስረክብዎታለሁ። እባክዎ፣ ያን ቀን ብቻ በእግርዎ እንዳይመጡ።