ዘለን ያለፍነው ቸኮል

ስንሻው ወዳጄ፣

ባሕሩን ከፖስት ካርዱ ፊት እየው፤ እኔ ገና አላየሁትም። ትናንት ባርኔአ በሚባለው ሰፈር፣ አባባ ታፈረ ቤት፣ ዘመድ ሲቆጠር ዋልኩ። የልጅ ልጃቸው ኖፋር ኤሊዓድን ልታገባ ነው። እንደ ጎንደር ሁሉ እዚህም ሰባት ትውልድ ካልራቁ ሠርግ የለም። በእሷ በኩል እስከ ጋራው አያት ሰባት ሞላ። በኤሊዓድ በኩል ግን ስድስተኛው ላይ ያው አያት ብቅ አሉ።

ኖፋር ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው ይህንኑ ነው። «ሳባ» አለች፣ አያቷን በዕብራይስጥ እየጠራች፣ «ዘር ሲዘጋጅ የእናትና የአባት ክሮሞዞሞች ጎን ለጎን ይተኛሉ። አንዱ ፕሮቲን የሚቆረጠውን ቦታ ያመለክታል፣ ሌላው ይቆርጣል፣ ሌሎቹ አቀያይረው ይቀጥላሉ። ስድስት ትውልድ ሙሉ ተቆራርጦ ከዚያ ሰውዬ ምን ይተርፈናል?»

«ፕሮቲን ማለት ሐኪሟ ያዘዘችልኝ እንቁላል አይደል? እንቁላል ነው ዘመድ የሚያጣራልን?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የአገር ልጅ ነህ፣ ጸሐፊም ነህ። በኤሊዓድ በኩል የዘለልነው ሰው ይኖራል?»

ኖፋር አየችኝ። «ቸኮልን ዘላችኋል» አልኩ፣ ስሙን ከየት እንዳመጣሁት ሳላውቅ።

አባባ ታፈረ ጭናቸውን መቱ። «ቸኮል አንካሳው! እንዴት ረሳሁት!»

ሰባት ሞላ፤ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሃያ ዓመት ልብ ወለድ ስጽፍ አንድም የፈጠርኩት ሰው እንዲህ ታምኖልኝ አያውቅም። ልቤ ግን እስካሁን አልተረጋጋም።

ቦታ አለቀ። ትዋበችንና ልጆቹን ሳምልኝ። አባባ ታፈረ ለማጣራት ደውለው ከጠየቁህ ቸኮል ነበረ በል፤ አንካሳም ነበር። በየትኛው እግሩ እንደሆነ ግን አልተነጋገርንም።