የታጠበው ፎጣ

አንተ ግትር ወንድሜ፣

ሥራ ረፍዶብኛል፤ አንድ ጫማ ብቻ አጥልቄ ነው የምጽፍልህ።

ነርሷ ደውላ የዛሬውን የደም ውጤት ሳትነግርህ የደም ማቅጠኛ መርፌውን እንዳትወጋ። ደም የሚያረጋው ፕላትሌትህ በኬሞው ወርዶ እያለ ብትወጋ ደምህ አልቆም ይላል፤ ሳይወርድ ብትተወው ደግሞ ክንድህ ላይ የረጋው ደም ይብሳል። አዛዧ እሷ ናት፤ አንተም እኔም አይደለንም።

ድድህ እንደደማ ንገራት። እህቴ አላየችም ብለህ ነው? በዕድሜህ አንድ ብርጭቆ አጥበህ የማታውቅ ሰውዬ ፎጣ አጥበህ አስጥተህ ሳይ ገባኝ። እንዳልጨነቅ ብለህ ነው፣ አውቃለሁ። ደግመህ ብትደብቀኝ ግን...

ተወው።

መቀስህን ደብቄዋለሁ። የደንበኛህ ሱሪ ሳይሰፋ ይቆይ፤ በደም ካንሰሩ ላይ ሌላ ጣጣ አንፈልግም።

ትናንት ስትነሳ «ወድቀህ ልትደማ ነው?» ብዬ ጮህኩብህ። ስትቀመጥ ደግሞ «እንዲህ ተጎልተህ ደምህ ይርጋ?» አልኩህ። ምን አድርግ እንደምልህ እኔም ጠፍቶኝ ነው።

ግድግዳውን እየያዝክ ኮሪደሩ ላይ ቀስ ብለህ ወዲያ ወዲህ በል።

ስመለስ ቆመህም ተቀምጠህም ባገኝህ አልቆጣም።

ብቻ ላግኝህ።