በቀይ የተከበበችው ሴት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? ባልሽስ ደህና ነው? ያ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ እያለ እንቅልፍ የነሳችሁ የወጥ ቤት ቧንቧ ተሠራ ወይስ አሁንም ከሥሩ ባልዲ ደቅናችሁለታል? አዲስ ጎጆ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው፤ ቧንቧውም ሰውየውም እስኪለመዱ ጊዜ ይፈልጋሉ። እኔ ጤና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል፣ እኔም እንዳልሰማ ሆኜ እወጣለሁ። ባለፈው ሰሞን ደም ግፊቴን የለካችኝ ነርስ ቁጥሩን አይታ ደነገጠችና፣ ምን አናደደዎት አለችኝ። ረጅም ነው፣ ለልጄ ነው የምጽፈው አልኳት። ይኸው ጻፍኩ።

በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ደውዬ ሁለቴም ስለ ቧንቧው አውርተን ዘጋን። ስልክ ላይ ስቆጣ ድምፄ ይቀጥናል፣ አንቺም "እማዬ ደግሞ ጀመረች" ትያለሽ። በጽሑፍ ግን አታቋርጪኝም።

ከፎቶ ቤቱ ልጀምር። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ባንኮኒው ሥር ቁጭ ብለሽ የቤት ሥራሽን ትሠሪ የነበረበት ፎቶ ቤት፣ ያው እዚያው ነኝ። ፎቶ ቤቱን የከፈቱት ጋሼ ካረፉ ወዲህ የሚያስተዳድረው ልጃቸው ነው። ይሄ ልጅ "ትኩስ" የሚል ቃል ከአፉ አይጠፋም። ትኩስ ሐሳብ፣ ትኩስ አሠራር፣ ትኩስ ገጽታ። እኛ ሠራተኞቹ በሌለበት ስሙን ትተን ትኩሱ ነው የምንለው። ጋሼ በእጃቸው ይዘውት ሲመጡ አፍንጫውን የጠረግኩለት እኔ ነኝ፣ እሱን ግን አያስታውስም።

ካንቺ ሰርግ ተመልሼ ብዙም ሳልቆይ ቢሮው ጠራኝና ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። አለቃ ወንበር ስቦ ካስቀመጠሽ ወይ መርዶ ሊያረዳሽ ነው፣ ወይ ከቦታሽ ሊያነሳሽ ነው። እንዴት እንደምለው አላውቅም ብሎ ጀመረ። የማያውቅ ሰው ዝም ይላል፣ እሱ ግን ቀጠለ። ደንበኛ በሩን ከፍቶ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የፊቱን ባንኮኒ ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ ትኩስ ፊት ያስፈልገናል አለ። እርስዎም ደክመዋል፣ ወደ ኋላ ክፍል ገብተው ፎቶ ማስተካከሉን ብቻ ቢይዙ ያርፋሉ አለ። ማን ደከመኝ አለው? ትኩስ ዳቦ እንጂ ትኩስ ፊት አላውቅም አልኩት። የምቀልድ መስሎት ሳቀ።

በጣም ያንገበገበኝ ምን መሰለሽ? ፎቶ አንሺያችን። ታውቂዋለሽ፣ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ሆዱ ከካሜራው ቀድሞ ደንበኛው ዘንድ ይደርሳል፣ ጭንቅላቱ ላይ የቀረውን ፀጉር በስም መጥራት ይቻላል። እሱን ማንም ወደ ኋላ ግባ አላለውም። የእሱ መላጣ ልምድ ነው፣ የእኔ ሽበት እድፍ። ይህንኑ ለትኩሱ ስነግረው፣ "እሱ እኮ ወንድ ነው" አለኝ፣ ሌላ የሚጨመርበት ነገር የሌለ ይመስል።

የኋላውን ክፍል ታስታውሽው ይሆናል። ድሮ ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ነበር፣ መስኮት የለውም። አሁን አንድ ኮምፒውተር፣ የተሰበረ የመብራት መቆሚያ፣ ተጠቅልለው የቆሙ የጀርባ መጋረጃዎችና እኔ አለንበት።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰርግ የሚያነሱ ሰዎች ሁሉ ፎቶውን ራሳቸው አያስተካክሉትም። በሌላ ከተማ ያሉት ሳይቀሩ ለእኛ ይልካሉ፤ እኛ አስተካክለን፣ አትመን፣ አልበም አድርገን እንመልሳለን። ባለፎቶዎቹ የማን እጅ እንደሚነካው አያውቁም፣ እኛም የማን ፊት ነው ብለን አንጠይቅም። ሙሽራዋ ያልወደደችውን ቦታ በቀይ ታከብበውና አጠገቡ የምትፈልገውን ትጽፋለች። ብጉሩ ይጥፋ። ከኋላ ያለው መኪና ይነሳ። አንዷማ "አማቴ ትንሽ ፈገግ ይበሉ" ብላ ልካ ነበር። እግዜር ያላደረገላትን እኔ አደረግኩላት።

አሁን ስለ አንዲት ሙሽራ ላጫውትሽ። የማን ልጅ እንደሆነች አልነግርሽም፣ የሰው ገመና ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ስጀምር የቤተሰብ ፎቶ ተከፈተልኝ። ሙሽራዋ ቆንጆ ናት፤ ለወግ አይደለም፣ በዚህ ሥራ ላይ ስንት ሙሽራ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለች ብዙ አልገጠመችኝም። ሙሽራው ደህና ነው፣ ክራባቱ ብቻ ተጣሟል። የሙሽራው እናት ፀጉራቸው ከመቀባቱ ብዛት እንደ ጫማ ያብረቀርቃል። ከሙሽራዋ በስተግራ፣ ጫፍ ላይ፣ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ሴት ቆማለች። ጫፍ ላይ የቆመችው ረጃጅሞቹ ዳር ይሁኑ ተብሎ ነው ብላ ነበር የምታስበው። ፀጉሯ ሽበት በሽበት ነው፤ ወደ ላይ አድርጋ አሲዛዋለች፣ ለዚያ ቀን ብላ ከማለዳ ጀምሮ ፀጉር ቤት ተቀምጣ ያሠራችው እንደሆነ ያስታውቃል። ድዷ እስኪታይ ትስቃለች። ፎቶው ላይ የነበረው ቀይ ክብ አንድ ብቻ ነው። እሱም የሴትየዋ ፊት ላይ ነው።

አጠገቡ እንዲህ ይላል። "ሽበቱ ይጥቆር። አንገቷ ይስተካከል። ካልሆነ ትቆረጥ።"

"ትቆረጥ" በእኛ ሥራ ተራ ቃል ነው። ጫፍ ላይ ያለ ዛፍ ይቆረጣል፣ ግማሹ የገባ ወንበር ይቆረጣል፣ ሳይጠራ የገባ የጎረቤት ልጅ ይቆረጣል። እኔም ስቆርጥ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ግን ቃሉ ላይ ተተክዬ ቀረሁ።

ጽሑፉ በጣት ስክሪን ላይ የተጻፈ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ሲያልቅ ወደ ላይ የምትጠመዘዝ ጭራ ይበጅለታል። እንዲህ እየጻፈች የምታስቸግረኝ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ባንኮኒ ሥር ተቀምጣ። ጭራውን ተዪው፣ አስተማሪዋ ትቆጣሻለች ስላት፣ "ያምራል እኮ እማዬ" ትለኝ ነበር።

ሌላም ልንገርሽ። የሴትየዋ ግራ ቅንድብ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። ልጇ በሁለት ዓመቷ ወተት አልጠጣም ብላ በቆርቆሮ ኩባያ የፈነከተቻት ነው። እንዴት አወቅሽ አትበይኝ። ደግሞም ሙሽራዋ ከሰርጉ በፊት እናቷ ዘንድ ደውላ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ፀጉርሽን ተቀቢልኝ፣ የእነሱ ዘመዶች ምን ይላሉ ብላ ለምናት ነበር። እናትየዋ አስብበታለሁ አለቻት። አሰበችበት።

ፎቶው ላይ እንዳፈጠጥኩ፣ ፊት ባንኮኒው ላይ በእኔ ቦታ የተቀመጠችው ልጅ፣ ያቺ ትኩስ ፊት የተባለችው፣ ሌላ ሥራ ልትነግረኝ ገባች። ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ተመልሳ ስክሪኑን አየች። ወጥታ በብርጭቆ ውሃ ይዛልኝ መጣች። ጥሩ ልጅ ናት፣ እሷን ተቀይሜ አላውቅም። ውሃውን ስጠጣ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ "እትዬ፣ እኔም ሳረጅ እዚህ ነው የሚያስገቡኝ?" አለችኝ። ቦታ የለም፣ መጋረጃዎቹ ሞልተውታል አልኳት። ሳቅን። ከዚያ እሷ እንደሳቀች እኔ አለቀስኩ።

ስትወጣ የታዘዝኩትን ሠራሁ። ሽበቱን አጠቆርኩ፣ አንገቱን ወጠርኩ፣ የዓይኗን ጥግ አለሰለስኩ፣ ጠባሳውን ደፈንኩ። እጄ ለምዶታል፣ ጊዜም አልፈጀብኝ። ጨርሼ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ ሳያት አንዲት ሴት ቆማለች። ቆንጆ ናት፣ አልዋሽም። ግን ማንንም ወልዳ የምታውቅ አትመስልም። ሳቋ እንዳለ ነው፣ በምን እንደምትስቅ ግን የጠፋት ትመስላለች።

ያኔ ነው ደሜ የፈላው። ልጄ፣ እኔ ፀጉሬን ቀለም መቀባት የተውኩት ሰልችቶኝ ወይም ራሴን ጥዬ አይደለም። አንድ ቀን ጭንቅላቴን እያቃጠለኝ ተቀምጬ፣ አሁን ከማን ነው የምደበቀው ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካሁትም። ሴት ልጅ ሃምሳን ስታልፍ ምን እንደምትሆን ልንገርሽ፣ ማንም አይነግርሽምና። ሱቅ ገብቼ ስቆም ባለሱቁ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ከኋላዬ የቆመችውን ልጅ "ምን ልስጥሽ?" ይላታል። አውቶቡስ ውስጥ ወይ "እማማ" ብለው ይነሱልኛል ወይ እግሬን ይረግጡኛል፣ መሃል የለም። ቀይ ሊፕስቲክ ከቀባሁ ምነው ዛሬ ይሉኛል። ካልቀባሁ ምነው አመመሽ ይሉኛል። እኔ ግን አለሁ! ሙዚቃ ስሰማ አሁንም ወገቤ አርፎ አይቀመጥም። አሁንም ሰው ሲያምርብሽ ቢለኝ ደስ ይለኛል። በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት ነው "ከእንግዲህ አትታዪ" የተባልኩት? ባለሱቁ ቢለኝ ባለሱቅ ነው። ትኩሱ ቢለኝ ደሞዝ ከፋዬ ነው፣ እጣላዋለሁ። ከዚህች ከሙሽራዋ ግን አልጠበቅኩም።

ፎቶውን ሳልልክ አሳደርኩት። በማግስቱ ትኩሱ ራሱ መጣ። የላከው ሰው ዘገየ ብሎ እየጮኸ ነው፣ ለምን እንደታዘዘው አይላክም አለኝ። እናትን ከልጇ ሰርግ አልቆርጥም አልኩት። "ደንበኛ ንጉሥ ነው" አለኝ። ንጉሥም እናት አለው አልኩት። ፊቱ ቀላ፣ ጣቱን አወጣና፣ "እንግዲህ እንደታዘዘው ይላካል፣ ካልሆነ..." ብሎ ተወው። ካልሆነ ትቆረጥ ልትል ነው? አልኩት። አልገባውም።

ተነሳሁና የኮምፒውተሩን ሽቦ ነቀልኩ። ልጅቷ ምንም ሳልላት መጥታ ስክሪኑን አቀፈችልኝ። ፎቶ አንሺው መላጣውን እያሻሸ ሲመለከት ቆየና ዋናውን የኮምፒውተር ሣጥን ተሸከመልኝ። ፊት ባንኮኒው ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ከመንገድ በሚታይበት ቦታ ዘረጋሁት። ልጅቷም ወንበሯን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ፣ ባንኮኒው እንደሆነ ለሁለታችንም ይበቃል። ትኩሱ ምን እየሠሩ ነው ሲለኝ ሥራዬን አልኩት። ማባረር ከፈለግክ አባርረኝ፣ ግን በቃል አይሆንም፣ "ስላረጀች" ብለህ ጽፈህ ፈርም፤ እኔ ደግሞ አሳድጌ አትሜ እዚህ መስኮት ላይ እሰቅለዋለሁ፣ ማተሚያ አላጣም አልኩት። እስከ ዛሬ ወረቀቱን አላመጣም። ነገ ያመጣው ይሆናል፣ አላውቅም። ቢያመጣም ወደዚያ ክፍል አልመለስም።

አገር አጨበጨበልኝ አልልሽም። ትናንት ጢሙ ጥጥ የመሰለ ሰውዬ ለጉርድ ፎቶ ገብቶ፣ "እማማ፣ ልጅቷ የለችም?" አለኝ። አለሁ ልጄ፣ ተቀመጥ አልኩት። ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ባንኮኒው ሥር ጎንበስ አለች፣ አንቺ ትቀመጪበት የነበረው ቦታ ላይ።

ፎቶውን ለላከው ሰውዬ ደውዬ የሙሽሮቹን አድራሻ ስጠኝና እኔው በቀጥታ ልላክላቸው አልኩት። ከመዘግየቱ የተነሳ በደስታ ተስማማ። አድራሻውን ሲያስጽፈኝ እሺ፣ እሺ እያልኩ ሰማሁት፤ እስክሪብቶ እንኳ አላነሳሁም።

ስለዚህ አልበምሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ደርሶሻል። የቤተሰቡን ፎቶ በሁለት ዓይነት አትሜዋለሁ። አንዱ እንደታዘዘው ነው፣ ሌላው እንደነበርነው። የባልሽን ክራባት ማንም ሳይጠይቀኝ በሁለቱም ላይ አቅንቼለታለሁ። ሳሎንሽ ግድግዳ ላይ የትኛውን እንደምትሰቅዪ እኔ አልነግርሽም፣ ቤቱ የአንቺ ነው። ተቆጥቻለሁ፣ ብትደውዪም ስልኩን ቶሎ አላነሳም። ግን የእናት ቁጣ ነው፤ ቢርቅም ቤቱን አይስትም።

ትዳርሽ ይቅና፣ ጎጆሽ ይሙቅ፣ ያ ቧንቧም አንድ ቀን ልብ ይግዛ። ዕድሜ ይስጥሽ ልጄ። ይህን የምልሽ ለአፍ ያህል አይደለም፤ እውነተኛውን ዕድሜ፣ ከነሽበቱ ይስጥሽ።

መንገዱ ሲመቸኝ ልጠይቃችሁ እመጣለሁ። ያቺን የተስተካከለችውን ሰቅለሽ ባገኝሽ አልጣላሽም። ከሴትየዋ ጋር ብቻ አስተዋውቂኝ።

እናትሽ፣
ከሙሽራዋ በስተግራ