ሁለት ወንበር ያላት መኪና

ሙሌ፣ የልጄ አባት፣

ከተለያየን ይኸው አራተኛው ክረምት ገባ። አስፋልቱ በረጠበ ቁጥር ትመጣብኛለህ። አንባቢዎቼ በዚህ ገጽ የሰው ሰርግና የሰው ፍቺ ሳወራቸው ነው የለመዱት፤ ዛሬ የራሴን ጓዳ ስከፍት ይታገሱኝ። ላንተ ሳልጽፍ እሑድ የሚደርስ አልመሰለኝም።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። መቼም አንተ «ወሬ ለሴት ነው» እያልክ ጆሮህን ታቆም ነበር። ጥይት የበሳውን ቆርቆሮ ቀይረናል። ማንጎው ዘንድሮ ለጎረቤት አድለን አድለን አላልቅ አለን። ልጃችን ናሆም ድምፁ ጎርንኗል፤ ከጓሮ ሲጣራ አንተ እየመሰልከኝ ስንቴ ደንግጫለሁ። አይሱዙውን ጋሽ አሊ መካኒኩ ይነዳዋል፣ ይጠነቀቅለታል። ያቺ «ወንድ ብሎ ነገር በቃኝ» ብላ የማለች ጎረቤታችን አግብታ መንታ ወልዳለች፤ መሐላዋን ያስታወሳት ሰው የለም፣ ከኔ በቀር።

የዚያች ባለ ሁለት ወንበር መኪና አንዱ ወንበር ደግሞ ጸጉር ቤት ገብቷል። ከዛፍ ሥር ወድቃ ስትቀር ያገኘ ሁሉ የቻለውን ፈታታ፣ ወንበሯም ለጸጉር አስተካካዩ ደረሰው። ናሆም ተቆርጦ መጣና እንዴት እንደሚመች አወራልኝ። የምን ወንበር እንደሆነ አልነገርኩትም። አፈርኩ።

ሙሌ፣ ከተለያየንበት ቀን ጀምሮ እንዳፈርኩ ነው።

መጀመሪያ የመጣች ቀን ትዝ ይልሃል? ለሰርጉ ብሎ የገዛት የሠፈራችን ሙሽራ ከአዲስ አበባ በራስህ አይሱዙ ነበር ያስጫናት፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ስለማይቀረው የመንገዱን ጉብታ ሁሉ በራሷ ማለፍ አትችልም። ከመኪናህ ስትወርድ ከተማችን መርሳ ግልብጥ ብላ ወጣች። ቢጫ፣ ጉልበት የማታልፍ፣ ሁለት ወንበር ብቻ። አንዷ ሽንኩርት ነጋዴ፣ «ይቺ ተቀምጣ ነው እንዴ የምትሄደው?» ስትል አንተ ነህ ከሁሉ በላይ የሳቅከው። ሚዜዎቹ የት ይቀመጣሉ፣ ሙሽራዋስ በዚያ ቬሎ እንዴት ትገባለች ተብሎ ሠፈሩ ሲሟገት ሰነበተ።

ሰርጉ ሳይደርስ ጦርነቱ ቀረበ። ድንኳኑ ተነቀለ፣ ሙሽራው ቤተሰቡን ይዞ በሌላ መኪና ወረደ፤ ቁልፉን ላንተ ትቶ፣ አደራ ብሎ። ከመሄዱ በፊት በሯን ከፍቶ ያስረዳህን እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። ሞተሯ ከጀርባህ ነው አለህ፣ ክብደቷ ያለው ከኋላ ነው። ጎማዋ ለደረቀና ለሞቀ አስፋልት የተሠራ ነው፣ ውሃ ሲያገኝ መንገዱን ቆንጥጦ አይዝም። ፍጥነትህን መታጠፊያው ሳይደርስ ጨርስ፤ ከገባህ በኋላ ነዳጁን ድንገት አትልቀቅ፣ ማርሽም አትቀንስ፣ ጭራዋ ይቀድምሃል። አንተ ትከሻውን መታ መታ አድርገህ፣ እሱ ገና ዳዴ ሲል አንተ የወሎን ቁልቁለት ስትወርድ እንደነበር ነገርከው። እውነትህን ነበር። ችግሩም እሱው ሆነ።

በአይሱዙ ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬን እንደማይታመን፣ የሚይዝህ ማርሽ እንደሆነ፣ መታጠፊያ ሲመጣ ቀንሰህ ሞተሩ እንዲጎትትልህ ማድረግ እንዳለብህ ስንቴ አስረድተኸኛል። ስንት ዓመት ያኖረህ ልማድ ነው። እጅህ ሳታዝዘው ነበር የሚሠራው።

የሸሸን ቀን ካፊያ ነበር። ከወልዲያ በኩል ሰው በእግሩ ይጎርፋል፣ ሲሪንቃን አልፎ በመርሳ በኩል ወደ ታች። አይሱዙውን ጎረቤት ሞላው። እኔ ከላይ ነኝ፣ ናሆም ጋቢና ውስጥ እንቅልፍ ጥሎታል። አንተ ግን መሪውን ለጋሽ አሊ ሰጠህና «የሰው አደራ ጥዬ አልሄድም» አልክ። አደራ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም አልተከራከረህም። እኔ ግን ፊትህን አይቻለሁ። ያቺን መኪና በቀን ሁለት ሦስቴ ገብተህ ትቀመጥባት እንደነበር ከኔ በቀር ማን ያውቃል? ጎንህ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ከመንገዱ አንዲት አራስ ወይም አንድ ሽማግሌ ማንሳት ትችል ነበር። አላነሳህም።

ከኋላችን መጣህና አለፍከን። ድምፅዋ ደረት ይመታ ነበር። አይሱዙው ላይ ያለው ሰው ሞት እየሸሸ እንኳ አጨበጨበልህ። ልዋሽህ አልችልም፣ እኔም ለአፍታ ኮራሁ። ባሌ ነው አልኩ። ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ፣ መታጠፊያው መጣ፣ እጅህም የለመደውን አደረገ፣ ማርሽ ቀነሰ። የኋላ ጎማዎቿ ተያዙ፣ ጭራዋ ወደ ፊት ዞረች። ጥይት አልተተኮሰም። ማንም አልነካህም። እንደ እንዝርት ተሽከርክራ ከመንገዱ ወጣች፣ ከአንድ ዛፍ ጋር ስትጋጭ ሰማሁ።

በአቅራቢያው ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን በችኮላ ቀበርንህ። ወግ ያለው ለቅሶ የተለቀሰልህ ወደ ቤታችን ስንመለስ ነው። አስለቃሿ ተነሥታ እንዲህ አለችልህ፤

ጎረቤቱን ጭኖ አሻግሮ ከመንገድ፣
ሙሌ ብቻ ቀረ በጦር እሳት ሲነድ።

ድንኳኑ በለቅሶ ተናጋ። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ፤ ሰው የሐዘን ነው ብሎ አዘነልኝ። ያለቀሱት እኮ ራሳቸው አይሱዙው ላይ የነበሩት ናቸው። ሁሉም አይቷል። ለልጁ ሲሉ፣ ለኔ ሲሉ፣ ሳይመካከሩ አንድ ውሸት ሠርተው ሰጡኝ፣ እኔም ተቀበልኩ። ናሆም ግጥሙን በቃሉ ያውቀዋል።

አሁን ደግሞ እሑድ በጦርነቱ ያለቁት የሠፈራችን ሰዎች በአዳራሹ ይታሰባሉ፣ ፎቷቸውም ይሰቀላል። የሚያዘጋጁት ወጣቶች ስላንተ የሚያውቁት ከሙሾው የሰሙትን ነው፤ ያንተንም ፎቶ አምጪ አሉኝ። አንዱን መርጬ የፎቶውን መስታወት ስወለውል እትዬ ዘሀራ መጣች። የሰይድ እናት። ልጇ መራመድ ያቃታቸውን ሽማግሌ ጎረቤቱን ሊያወጣ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ እዚያው የቀረው። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን እንስቀል ልትለኝ ነው የመጣችው።

ሙሌ፣ እዚህ ላይ አቃተኝ።

«እትዬ፣ አይሆንም» አልኳት። «የኔ ሰው የሞተው በጦርነት አይደለም። መኪና ሲያበር ነው።»

እሷ ፎቶውን ከእጄ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ደፋችው። «አውቃለሁ። እግረኛ አልነበርኩ? በአጠገቤ ሲያልፍ ከራስ እስከ እግሬ ጭቃ አልብሶኝ ነው የሄደው» አለች። «አላህ ይማረው፣ ያን ዕለት ግን ረግሜዋለሁ።»

ታዲያ ለምን እንዲህ ያለ ነገር ትለምኚኛለሽ ብዬ ጠየቅኳት።

«ፎቶው ከተሰቀለ አንቺም መጥተሽ አጠገቤ ትቆሚያለሽ ብዬ ነዋ። ብቻዬን ቆሜ ሰይድን ማየት አልችልም።»

ይኸውልህ እንግዲህ። እኔ ስላንተ ስም ስጨነቅ እሷ የሚደግፋት ትከሻ ስትፈልግ ነው የከረመችው። በአሟሟትህ ካፈርኩት ይልቅ ያን ጊዜ በራሴ የበለጠ አፈርኩ።

እሑድ ፎቶህን አልወስድም። ባዶ እጄን ሄጄ ከእትዬ ዘሀራ ጎን እቆማለሁ፣ እስክትጠግብ ልጇን ትየው። ከዚያ በፊት ግን፣ ነገ፣ ናሆምን አስቀምጬ የሆነውን ሁሉ እነግረዋለሁ። ሊቀየመኝ ይችላል። አንተንም ሊቀየምህ ይችላል። ልጅህ ነው፣ ጊዜ ስጠው።

አልረሳህም፣ ሙሌ። የማስታውሰው ግን ሙሾው ውስጥ ያለውን ሰው አይደለም፤ እሱን አላገባሁትም። ከእንግዲህ ባልሽ በምን ሞተ ሲሉኝ መኪና ሲያበር እላለሁ። ተቀምጠው ለመስማት ጊዜ ካላቸው ደግሞ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርክ አጫውታቸዋለሁ።

ባለቤትህ